ሦስት ሲዲ፣ ሦስት ምክንያት፦ የድሮ ጌሞች በአዲስ ላፕቶፕ

ጥያቄው፦ «ታላቅ ወንድሜ ወደ ውጭ ሲሄድ አንድ ካርቶን ሙሉ የጌም ሲዲ ትቶልኝ ነበር። በቅርቡ ዊንዶውስ 11 ያለው ላፕቶፕ ገዛሁና አንድ በአንድ ልሞክራቸው ብዬ ጀመርኩ። ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ ጭራሽ አይከፈትም። ሬድ አለርት ገና ሴትአፑን ስነካው ይህ ፕሮግራም ኮምፒውተርህ ላይ መሥራት አይችልም ይለኛል። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ይከፈታል፤ ግን ማውሱ አይታዘዝም፣ ምስሉ ወደ ጎን ተለጥጧል፣ ውሃ ላይ የሚያርፈው አውሮፕላንም ድሮ ከሚገኝበት ቦታ ጠፍቷል። ኮምፓቲቢሊቲ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሞክሬ ሰለቸኝ። ላፕቶፑ ከድሮው ኮምፒውተራችን በስንት እጥፍ ይበልጣል፤ ታዲያ ለምን አቃተው? አሮጌ ኮምፒውተር ልፈልግ ወይስ ሌላ መላ አለው?»

መላ አለው፣ ወንድሜ። አሮጌ ኮምፒውተር ፍለጋ አትንከራተት። ሦስቱም ጌሞች በያዝከው ላፕቶፕ ላይ ይሠራሉ። ያልሠሩበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው፤ ብዙ ሰው የሚደክመውም እዚህ ጋ ነው። «የድሮ ጌም አልሠራም አለኝ» ብሎ ሁሉንም በአንድ ይጠቀልልና ኮምፓቲቢሊቲ ውስጥ ገብቶ ያገኘውን ሳጥን ሁሉ ምልክት ያደርግበታል። ያ መስኮት የሚሠራው ሥራ ውስን ነው። ጌሙ «የትኛው ዊንዶውስ ላይ ነኝ?» ብሎ ሲጠይቅ የድሮውን ስም ይነግረዋል፣ ጥቂት የድሮ ልማዶችንም ያስመስልለታል። ከዊንዶውስ ውስጥ የወጣን ነገር መልሶ ማምጣት ግን አይችልም።

የላፕቶፕህ ጉልበት እዚህ ላይ ምንም አያግዝህም። ጌሞቹም አልተበላሹም፤ ፋይሎቹ ያኔ እንደተጻፉ ናቸው። የጠፋው ጌሙ ተማምኖበት የተሠራው ነገር ነው፦ አንዱ ጋ የፕሮሰሰሩ የቆየ አሠራር፣ ሌላው ጋ ስክሪን ላይ መሳያው መንገድ፣ ሌላው ጋ ደግሞ አምራቾቹ ራሳቸው ያላዩት የአጋጣሚ ነገር። የቱ እንደጎደለ ከታወቀ መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ዋናው ፍንጭ ጌሙ የወጣበት ዓመት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ።

ወደ ጌሞቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። ሲዲዎቹን አሁኑኑ ቅዳቸው። የጌም ሙከራው ይቆይ። ቤት ውስጥ በኮምፒውተር የተቀዳ ሲዲ ከሆነ በተለይ ቀለሙ እየሞተ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ይነበባል፣ ሌላ ቀን መሀል ላይ ይቆማል። በዩኤስቢ የሚሰካ የሲዲ ማንበቢያ ፈልግና እያንዳንዱን ሙሉ ሲዲ ወደ አንድ የምስል ፋይል ቀይር። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ወጥመድ አለ። ሰው ሁሉ የለመደው አይኤስኦ የሚባለውን ፋይል ነው። አይኤስኦ ግን የሚይዘው የዳታውን ክፍል ብቻ ነው። በ1990ዎቹ የወጡ ብዙ ጌሞች ሙዚቃቸውን የያዙት እንደ ተራ የዘፈን ሲዲ፣ ከዳታው ቀጥሎ በተለየ ትራክ ላይ ነበር። በ1996 የወጣው ኩዌክ እንደዚያ ነው። ሲዲውን በአይኤስኦ ከቀዳኸው ጌሙ ይሠራል፣ ሙዚቃው ግን የለም፤ ሰውም ሳውንድ ካርዱን ይጠረጥራል። ስለዚህ ቢን እና ኪው በሚባሉት ጥንድ ፋይሎች ቅዳ። እነሱ ዳታውንም ሙዚቃውንም አብረው ይይዛሉ። ሬድ አለርት ሙዚቃውን በፋይል መልክ ስላስቀመጠ በእሱ በኩል አትስጋ፤ ሌሎቹን ግን አታውቅምና ሁሉንም እንደዚያው አድርጋቸው።

አሁን ወደ ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ።

ይህ ጌም በ1989 መጀመሪያ የወጣው አፕል 2 ለሚባለው ኮምፒውተር ነው። አንተ ጋ ያለው በ1990 ለዶስ፣ ዊንዶውስ ከመስፋፋቱ በፊት ለነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የተሠራው መሆኑ አይቀርም። የዚያን ጊዜ የዶስ ፕሮግራም 16 ቢት ነው (ቢት ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ የሚይዘው የቁጥር ስፋት ነው፤ የዛሬው 64 ቢት ነው)፤ ኮምፒውተሩንም ብቻውን እንደያዘ ነው የሚቆጥረው። የግራፊክስ ካርዱን በቀጥታ ይነካል፣ ሰዓት ቆጣሪውን በቀጥታ ያዛል፣ ድምፁን በቀጥታ ወደ ስፒከሩ ይልካል። የቆዩት 32 ቢት ዊንዶውሶች እንዲህ ዓይነቱን ፕሮግራም የሚያስተናግድ ኤንቲቪዲኤም የሚባል ክፍል ነበራቸው። ያ ክፍል የሚቆመው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ቨርቹዋል 8086 በሚባል አሠራር ላይ ነው። የፕሮሰሰር አምራቹ ኤኤምዲ በ2003 የመጀመሪያዎቹን 64 ቢት ፕሮሰሰሮቹን ሲያወጣ፣ ፕሮሰሰሩ በ64 ቢት ሥርዓት ውስጥ እስካለ ድረስ ያ አሠራር እንዳይኖር ተደርጎ ነበር። ማይክሮሶፍትም ኤንቲቪዲኤምን 64 ቢት ዊንዶውስ ውስጥ አላስገባውም። ዊንዶውስ 10 ገና 32 ቢት እትም ስለነበረው መሸሻ ነበር። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ግን 32 ቢት እትም ጭራሽ የለውም። በሩ የተዘጋው እንዲህ ነው። ላፕቶፕህ ላይ የትኛውንም ሳጥን ብትጫን ያ በር አይከፈትም።

መፍትሔው ዶስቦክስ ነው። ከ2002 ጀምሮ ያለ ነፃ ፕሮግራም ነው። እሱ የዊንዶውስን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ፕሮሰሰሩን፣ ቪጂኤ ግራፊክሱን፣ ሳውንድ ብላስተር የሚባለውን የድምፅ ካርድ፣ ዶስን ራሱን ጨምሮ ሙሉ የድሮ ኮምፒውተር በሶፍትዌር ይሠራልሃል። ዋናው እትም ከ2019 ወዲህ አልታደሰም። እኔ የምመክርህ ከሱ የተወለደውን ዶስቦክስ ስቴጂንግ ነው፤ ለዘመኑ ስክሪን የሚስማማ ነገር ከመጀመሪያው ተስተካክሎ ይመጣል። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የጌሙን ፎልደር ከሲዲው ላይ ወደ ላፕቶፑ ገልብጥ። ከዚያ የጌሙን ማስነሻ ፋይል በማውስ ይዘህ የዶስቦክሱ አይከን ላይ ጣለው። ይነሳል።

ሲነሳ ማውስህ ጌሙ ውስጥ ቢታሰርብህ አትደንግጥ፤ ኮንትሮልን ይዘህ ኤፍ 10ን ስትጫን ይለቅሃል። ምስሉ ቅርጹን የሳተ ከመሰለህ ደግሞ ምክንያቱን ልንገርህ። ጌሙ የሚሳለው በ320 በ200 ነጥብ ነው። ያኔ የነበሩት ስክሪኖች ቅርጻቸው 4 ለ 3 ስለነበር እያንዳንዱ ነጥብ ወርዱ ጠበብ፣ ቁመቱ ረዘም ያለ ነበር። ዛሬ ነጥቡ እኩል አራት ማዕዘን ነው። ሳይስተካከል ካሳየኸው ልዑሉ አጭርና ወፍራም ይሆናል፣ ዝላዩም የተሸራረፈ ይመስላል። ስቴጂንግ ይህን ራሱ ያስተካክላል። ዋናውን ዶስቦክስ ከመረጥክ ሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ አስፔክት የሚለውን መስመር ፈልገህ ማብራት አለብህ።

ካርቶንህ ውስጥ ሌሎች የዶስ ጌሞች ካሉ ስለ ፍጥነት አንድ ነገር እወቅ። ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ ጊዜውን የሚቆጥረው በኮምፒውተሩ ሰዓት ቆጣሪ ስለሆነ የትም ቢሄድ በልኩ ይሠራል። በዚያ ዘመን ሁሉም ጌም ግን እንዲህ ጠንቃቃ አልነበረም። በ1990 የወጣው ዊንግ ኮማንደር ፕሮሰሰሩ በቻለው ፍጥነት ነው የሚሮጠው። ፈጠን ያለ ማሽን ላይ ካስኬድከው የጠላት መርከብ ሳታየው አልፎህ ይሄዳል። በዚያ ዘመን ኮምፒውተሮች ላይ ቱርቦ የሚባል ቁልፍ ነበር፤ ስሙ ማፍጠኛ ቢመስልም ዋና ጥቅሙ ማሽኑን ለእንዲህ ዓይነት ጌሞች ዝግ ማድረግ ነበር። ዶስቦክስ ውስጥ ያንን ሥራ የሚሠራልህ ኮንትሮልና ኤፍ 11 ነው፤ በኤፍ 12 ደግሞ ታፈጥነዋለህ። ሌላም አለ። ቱርቦ ፓስካል በሚባለው የድሮ የፕሮግራም መጻፊያ የተጻፈ ፕሮግራም ገና ሲነሳ «ራንታይም ኤረር 200» ብሎ ከሞተ ምክንያቱ ይኸው ፍጥነት ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ ማሽኑን ይለካል፣ ማሽኑ በጣም ስለፈጠነበት ስሌቱ ከልኩ ያልፍና ይወድቃል። እሱንም ዝግ አድርገህ አስነሳው።

ዶስቦክስ ካሰለቸህ ለፕሪንስ ብቻ ሌላ መንገድ አለ። የዶስ እትሙን ኮድ መስመር በመስመር ፈትተው ለዛሬ ኮምፒውተር እንደገና የጻፉት ሰዎች አሉ፤ ፕሮግራሙ ኤስዲኤል ፖፕ ይባላል። ዝላዩና የሰይፍ ፍልሚያው ሳይነካ፣ በኤፍ 6 መሀል ላይ ሴቭ ታደርጋለህ፣ በኤፍ 9 ትመለሳለህ። የ60 ደቂቃው ገደብ ያስጨነቀው ሰው ይህን ይወደዋል።

ሬድ አለርት ነገሩ ጠለቅ ይላል። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እሱን ከተረዳህ በ1995 እና በ2000 መካከል የወጣውን ጌም አብዛኛውን ተረዳህ ማለት ነው።

ጌሙ በ1996 ከዌስትዉድ ስቱዲዮስ ሲወጣ ለዶስም ለዊንዶውስ 95ም የሚሆን ነበር። የዊንዶውስ 95 እትሙ ራሱ 32 ቢት ነው፤ 32 ቢት ፕሮግራም ደግሞ ዛሬም ላፕቶፕህ ላይ ይሠራል። የጫኚው ፕሮግራም ግን 16 ቢት ነው። ዊንዶውስ «መሥራት አይችልም» ያለህ ጫኚውን ነው። ጌሙ ጋ ገና አልደረስክም። በዚያ ዘመን ይህ የተለመደ ነበር። ጌሙን አዲስ አድርገው፣ ጫኚውን ከድሮው ይዘው ይመጣሉ። ማይክሮሶፍት ችግሩን ስለሚያውቅ 64 ቢት ዊንዶውስ ውስጥ አንዳንድ በስም የታወቁ 16 ቢት ጫኚዎችን አይቶ በስውር በ32 ቢት የሚተካ ነገር አስገብቷል። ለዚህ ነው አንዱ የ1997 ሲዲ ያለ ችግር ሲጫን ጎኑ ያለው እምቢ የሚለው። ዌስትዉድ በራሱ ጫኚ ስለተጠቀመ ከዕድሉ አልደረሰውም። ሌሎች እንዲህ ያሉ ሲዲዎች ካሉህ ዊንኢቪዲኤም የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ 16 ቢት የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ያስኬዳል። ጫኚውን ለማለፍ ብቻ ትጠቀምበታለህ።

ጫኚው ታለፈ እንበል። አሁን ሁለተኛው ችግር ይመጣል፣ እሱም ቀለም ነው። ሬድ አለርት ስክሪን ላይ የሚስለው በ256 ቀለም ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 255 የሆነ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ያ ቁጥር ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ የሚናገረው ለብቻው የተቀመጠ ሰንጠረዥ ነው። ይህ አሠራር ቁጠባ ብቻ አልነበረም፤ ጥበብም ነበረበት። ጌሙ ውስጥ ባሕሩን ልብ ብለህ ተመልከት። ውሃው ይንቀሳቀሳል፣ ብልጭ ብልጭ ይላል። የባሕሩ ስዕል ግን አንዲት ነጥብ እንኳ አልተለወጠም። የሚሆነው ሰንጠረዡ ላይ ያሉ ጥቂት ሰማያዊ ቀለሞች በየቅጽበቱ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ያን ቁጥር የያዘ ነጥብ ሁሉ አብሮ ቀለሙን ይለውጣል። የዛሬ ሠላሳ ዓመት በነበረ ማሽን ላይ ሙሉ ባሕር ያለ ምንም ወጪ ያንቀሳቅሱ ነበር። ባየሁት ቁጥር ይደንቀኛል።

አሁን ያለው ዊንዶውስ ስክሪኑን ለማንም አሳልፎ አይሰጥም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ሁሉም ነገር የፕሮግራሞቹን ምስል አንድ ላይ አዋህዶ ስክሪን ላይ በሚያወጣው የዊንዶውስ ክፍል በኩል አልፎ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቀለሞች ነው የሚሳለው። 256 ቀለሙን ያስመስለዋል እንጂ በእውነት አይሰጠውም። ጌሙ ደግሞ ስክሪኑን የሚጠይቀው ዳይሬክትድሮው በሚባለው የድሮ መንገድ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ላይ ቀለሙ ወይን ጠጅና አረንጓዴ ይሆናል፣ አንዳንዱ ላይ ጌሙ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዱ ላይ ጥቁር ስክሪን ብቻ ይቀራል።

ለዚህ የምትፈልገው ሲኤንሲ ዲድሮው የሚባል ትንሽ ፋይል ነው። አሠራሩን ብታውቀው ለሌሎችም ጌሞች ይጠቅምሃል። ጌሙ ሲነሳ የዳይሬክትድሮውን ፋይል በስሙ ይጠራል። ዊንዶውስ ያን ስም መጀመሪያ የሚፈልገው ጌሙ ራሱ ባለበት ፎልደር ውስጥ ነው። እዚያ ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ፋይል ካስቀመጥክለት የዊንዶውሱን ትቶ ያንተን ይወስዳል። ይህኛው ፋይል ጌሙ የሚለውን ሁሉ ይሰማና የዛሬ ግራፊክስ ካርድ ወደሚገባው ትእዛዝ ይተረጉመዋል። ጌሙ ምንም አያውቅም፤ አንድ ፊደል እንኳ አልተነካበትም። ለሌሎች የዚያ ዘመን ጌሞች፣ በተለይ ባለ 3ዲ ለሆኑት፣ ዲጂ ቩዱ የሚባለው በዚሁ ዘዴ ይሠራል። ቩዱ ለሚባሉት የድሮ ግራፊክስ ካርዶች ተብለው የተሠሩ ጌሞችንም ይይዛል። የቩዱ አምራች የነበረው 3ዲኤፍኤክስ ንብረቱን በ2000 መጨረሻ ለኤንቪዲያ ከሸጠ ወዲህ ያ ካርድ የለም፤ ጌሞቹ ግን አሁንም ይጠሩታል።

ሬድ አለርት ላይ ዕድለኛ ነህ። ባለቤቱ ኢኤ የሚባለው ኩባንያ ጌሙን በ2008 በነፃ እንዲወርድ ፈቅዷል። ቀጥሎም በ2020 የታደሰውን እትም ሲያወጣ የጌሙን ኮድ ዋና ክፍል ለሕዝብ ከፈተ፤ በየካቲት 2025 ደግሞ የመጀመሪያውን ሙሉ ኮድ ለቀቀው። ስለዚህ ሲዲህ ቢቧጨር እንኳ ጌሙ አይጠፋም። ያንኑ የልጅነትህን ጌም በትክክል ከፈለግህ ሲኤንሲኔት የሚያዘጋጀውን እትም ውሰድ። ዋናው ጌም ነው፣ ቀለሙና ጫኚው ተስተካክሎለታል፣ በኢንተርኔትም ያጫውታል። ኦፕን አርኤ የሚባለው ሌላ ነገር ነው። ከባዶ የተጻፈ ነፃ ጌም ነው፣ የሬድ አለርትን ስዕልና ድምፅ ይጠቀማል። ከጓደኞችህ ጋር ለመጫወት ከዚህ የሚሻል የለም። ሕጎቹ ግን ተሻሽለዋል፤ ወታደሮቹም ሕንጻዎቹም ልክ እንደ ድሮው አይመዝኑም። ወንድምህ ጋ ደውለህ በኢንተርኔት ልትጋጠሙ ካሰባችሁ ሁለታችሁም ኦፕን አርኤን አውርዱ። የጌሙን ጀግና ታንያን ይዘህ ብቻህን ሚሽኖቹን ልትጨርስ ከሆነ ግን ወደ ዋናው ሂድ።

ሳን አንድሪያስ ከሁለቱም ይለያል። ለኮምፒውተር የወጣው በ2005 ነው። ሙሉ በሙሉ 32 ቢት ስለሆነ ይነሳል። ችግሩ ከተነሳ በኋላ ነው።

ቀላሉን እንጨርስ። ማውሱ ካልታዘዘህ ዶክመንትስ ውስጥ ጌሙ ሴቭ የሚያደርግበት ፎልደር አለ፤ እዚያ ውስጥ ጂቲኤ ኤስኤ የሚል ስም ያለውን የሴቲንግ ፋይል አጥፋው። ጌሙ ሲነሳ አዲስ ይሠራል። ሴቭህ በሌላ ፋይል ስለሆነ አይነካም። የተለጠጠው ምስል የመጣው ጌሙ የድሮውን ባለ 4 ለ 3 ስክሪን አስቦ ስለተሠራ ነው፤ ለእሱ የዋይድስክሪን ማስተካከያ አለ። አማራጮች ውስጥ ፍሬም ሊሚተር የሚለውን፣ በሰከንድ የሚሳሉትን ምስሎች (ፍሬሞች) ብዛት የሚገድበውን፣ ደግሞ አታጥፋው። «ላፕቶፔ ኃይለኛ ነው» ብለህ ታጠፋው ይሆናል። ይህ ጌም ግን ብዙ ስሌቱን ከፍሬም ጋር አያይዞታል፤ ሊሚተሩ ሲበራ በሰከንድ ወደ 25 ፍሬም ይሄዳል። ሲጠፋ የጌሙ ባለታሪክ ሲጄ ውሃ ውስጥ መዋኘት ያቅተዋል፣ መኪኖቹም ባሕርያቸው ይለወጣል።

አሁን ጠፋ ወዳልከው አውሮፕላን። ጥያቄህን ሳነብ ዓይኔ የተያዘው እዚህ ላይ ነው፤ ላፕቶፕህ ላይ ያለው ዊንዶውስ 11 በ2024 የወጣው 24ኤች2 ወይም ከዚያ የሚቀጥል እትም መሆኑን ወዲያው ነገረኝ።

አውሮፕላኑ ስኪመር ይባላል። ጌሙ ሲነሳ የመኪናና የአውሮፕላን ዝርዝር ከአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ መስመር በመስመር ያነባል። እያንዳንዱ መስመር ላይ ስም፣ ዓይነት፣ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ የጎማው መጠን አለ። የስኪመር መስመር ላይ የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች የሉም። ከዚህ በፊት በወጣው የጂቲኤ ጌም፣ ቫይስ ሲቲ ውስጥ ስኪመር የተመደበው ጀልባ ተብሎ ነበር፤ ጀልባ ደግሞ ጎማ የለውም። ወደ አውሮፕላን ሲቀይሩት ቁጥሮቹን መጨመር ተረሳ። የሚያነበው ኮድም ቁጥር ካጣ የሚይዘው መነሻ ዋጋ አልተሰጠውም። እናስ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዴት ሠራ? ከስኪመር በፊት የተነበበው ቶፕ ፋን የሚባለው ቫን ነው። የቫኑ የጎማ መጠን ሜሞሪው ላይ ተጽፎ ይቀራል። ስኪመር ተራው ሲደርስ የራሱን ስላጣ የጎረቤቱን አንስቶ ይጠቀማል። ማንም አላወቀም።

በ24ኤች2 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ውስጥ ያለን አንድ ትንሽ ሥራ አሠራሩን ለወጠ። ያ ሥራ በሁለት መስመሮች ንባብ መካከል ይጠራል፤ አሁን ከድሮው ሰፋ ያለ የሜሞሪ ቦታ ይጠቀማል። የቫኑ ቁጥር ተቀምጦበት የነበረውን ቦታ ይጽፍበታል። ስኪመር አሁን የሚያገኘው ትርጉም የለሽ ቁጥር ነው። አውሮፕላኑ ከመሬት በላይ ምን ያህል መቆም እንዳለበት የሚሰላው ከጎማው ነውና ከፍታው ከሰማይ በላይ ይሆናል። ለዚህ ነው ከቦታው የጠፋብህ። በግድ ጠርተህ ብትሳፈርበት ሲጄ ከነአውሮፕላኑ ወደ ማይመለስበት ይወረወራል። ማይክሮሶፍት ምንም አላጠፋም፤ ስህተቱ ከ2005 ጀምሮ ጌሙ ውስጥ ነበረ። ይህን ያወቅነው ሳይለንት ፓች የሚባለውን ማስተካከያ የሚሠራው ሰው በ2025 እስከ ሥሩ ድረስ ተከታትሎ ስላገኘው ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ባይኖሩ የድሮ ጌሞች አንድ በአንድ ያልቁ ነበር፤ ምስጋና ይገባቸዋል።

ሳይለንት ፓችን የጌሙ ፎልደር ውስጥ አስገባ። ስኪመርንም፣ የማውሱን ችግርም፣ ሌሎች በርካታ ስህተቶችንም አብሮ ያቃናልሃል። ጌሙን ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አትጫነው፤ ዊንዶውስ ያን ፎልደር ስለሚቆጣጠር ማስተካከያዎቹ ያስቸግሩሃል። ዲ ላይ ወይም ሲ ላይ ጌምስ የሚል ፎልደር ከፍተህ እዚያ አድርገው።

ካርቶኑ ውስጥ ከ2000 እስከ 2007 አካባቢ የወጡ ሌሎች ሲዲዎች ካሉ ሌላ ግድግዳ ይገጥምሃል። ብዙዎቹ ሲዲው ኦሪጅናል መሆኑን የሚፈትሽ ሴፍዲስክ የሚባል መቆለፊያ ነበራቸው። መቆለፊያው የሚሠራው በዊንዶውስ ልብ ውስጥ በሚቀመጥ ድራይቨር ነው። ያ ድራይቨር ለሰርጎ ገቦች ቀዳዳ ሆኖ ተገኝቷል፤ በ2007 ጥቃት ተፈጽሞበታል። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 10 አወጣው፣ በመስከረም 2015 ደግሞ በቆዩት ዊንዶውሶች ላይ አጠፋው። ስለዚህ ኦሪጅናል ሲዲ ይዘህም «ሲዲ አስገባ» ሊልህ ወይም ዝም ሊል ይችላል። ድራይቨሩን ከየትም አምጥተህ ለመመለስ አትሞክር። ላፕቶፕህ ላይ የባንክ መተግበሪያ፣ ኢሜይል፣ የቤተሰብ ፎቶ አለ፤ ለአንድ ጌም ብለህ ያን በር አትክፈት። አምራቹ ራሱ ያለ ሲዲ የሚያስነሳ ፓች አውጥቶ ከሆነ እሱን ተጠቀም። ካልሆነ ጎግ የሚባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ፈልግ። ከ2008 ጀምሮ የድሮ ጌሞችን ያለ መቆለፊያ፣ ለዛሬ ዊንዶውስ አስተካክሎ የሚሸጥ ነው። የዶስ ጌም ከሆነ ዶስቦክሱን ጨምሮ ይሰጥሃል።

እግረ መንገዴን፣ በፍላሽ የተገለበጠ ወይም ከሰው ሰው ሲዞር የኖረ ጌም ካለህ ከማስነሳትህ በፊት በአንቲቫይረስ አስፈትሸው። የድሮ ሲዲ ቅጂዎች ላይ የዚያ ዘመን ቫይረስ ተቀምጦ ማግኘት ብርቅ አይደለም። «ጌሙ እንዲሠራ አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚል ማስታወሻ ያለበትን ፎልደር በቀጥታ ጣለው።

ሁሉም እምቢ ሲል የመጨረሻው መንገድ 86ቦክስ ነው። ከነ ማዘርቦርዱ፣ ከነ ቩዱ ካርዱ ሙሉ የፔንቲየም ኮምፒውተር ይሠራልሃል፤ ዊንዶውስ 98 ትጭንበታለህ። የላፕቶፕህ ጉልበት የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የእያንዳንዱን ቺፕ ሥራ ያስመስላል። ዝግጅቱ ጊዜ ይወስዳል። ላንተ ሦስት ጌሞች አያስፈልግም።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርገው። ሲዲዎቹን ቅዳ። ከዚያ ፕሪንስን በዶስቦክስ አስነሳ፤ ቶሎ ይሳካልሃል። ቀጥሎ ሲኤንሲኔትን አውርደህ ሬድ አለርትን ሞክር። ሳን አንድሪያስን ከሳይለንት ፓች ጋር ለመጨረሻ አቆየው። አንዱ ላይ ከተቸገርክ የጌሙን ስም ብቻ አትጻፍልኝ። የወጣበትን ዓመት፣ ሲዲው ኦሪጅናል ወይም ቅጂ መሆኑን፣ የትኛው ፋይል ላይ ስትጫን እምቢ እንዳለህ፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውንም መልእክት ቃል በቃል ጻፍልኝ። ምንም መልእክት ሳይወጣ ከጠፋ እሱንም ንገረኝ፤ ያም ራሱ ምልክት ነው።